የመጻሕፍት «ቍጥር»፤ ከብራናው ኅዳግ እስከ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት

በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአገራችን የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ዘርዝረው በ1904 ዓ.ም. አሳተሙ። ይህንኑ ሥራ አስፋፍተው በ1920 ዓ.ም. እንደገና ለኅትመት ሲያበቁት በርእሱ ላይ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ፤ አንደኛው «ቍጥር»፣ ሁለተኛው «ካታሎግ» ነው። ከግሪክ ተነሥቶ በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል የደረሰን «ካታሎግ» በየቤተ መጻሕፍቱ ሲለመድ «ቍጥር» ወደ ሒሳቡ ተመልሶ ቀረ። ቃሉ ግን ለነገሩ የሚስማማ ነበር። እረኛ ከብቱን፣ ቄሰ ገበዝም ንዋየ ቅድሳቱን የሚቈጥረው ብዛቱን ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የጐደለው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየትም ነው።

ዛሬ ይኸው ሥራ «ሜታዳታ» በሚል ስም ከኮምፒዩተር ጋር ተመልሶ መጥቷል። ሜታዳታ ማለት ስለ አንድ ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም ድምፅ የሚሰጥ መግለጫ ነው፤ ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼና የት እንደ ተጻፈ፣ ርእሱንና ቋንቋውን፣ የማን ንብረት እንደ ሆነና ከየትኛው ሌላ ሥራ ጋር እንደሚዛመድ ይናገራል። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ፎቶግራፍ ተነሥቶ በዓለም ሁሉ ሊታይ በሚችልበት ስፍራ ቢቀመጥ እንኳ መግለጫው ጎደሎ ወይም ስሕተት ከሆነ ፈላጊው አያገኘውም። መሣሪያው የሚፈልገው በሥዕሉ ውስጥ ሳይሆን በመግለጫው ውስጥ ነውና።

ይህ ጽሑፍ የመግለጫን ታሪክ በብራና መጻሕፍቶቻችን በኩል ተከትሎ ነገሩ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅንና ተርጓሚን እንዴት እንደሚመለከት ለማሳየት ይሞክራል። ዓመቶቹ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለባቸው በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ይህን አስቀድሞ መናገር ለምን እንዳስፈለገ ኋላ ይታያል።

የአገራችን ጸሐፍት ለመጽሐፍ መግለጫ መስጠትን ከማንም አልተዋሱትም። በብራናው መጨረሻ ወይም በመግቢያው ባዶ ገጽ ላይ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ከነክርስትና ስሙ፣ ብዙ ጊዜም የጸሐፊው፣ የንጉሡና የጳጳሱ ስም፣ መጽሐፉ የተሰጠበትም ደብር ይመዘገባል። ከዚያም መጽሐፉን የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ይከተላል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌባውና ፋቂው በአንድ ውግዘት መያዛቸው ነው። መጽሐፉን ከስፍራው የሚያነሣና የመጽሐፉን ማንነት የሚገልጸውን ጽሑፍ የሚያጠፋ በጸሐፍቱ ዘንድ እኩል በደለኞች ነበሩ ማለት ነው። ውግዘቱ ግን ሁልጊዜ አልተከበረም። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በስፍራው የአዲሱ ስም የገባባቸው ብራናዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ጠንቃቃ መዝጋቢ አዲሱን ስም ብቻ ጽፎ አያልፍም፤ በፊት ሌላ ስም እንደ ነበረና እንደ ተፋቀ ይመዘግባል። ይህን ባያደርግ ግን ፋቂው የጀመረውን ሥራ እርሱ ይፈጽምለታል።

የአንድን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የአንድን ገዳም መጻሕፍት በሙሉ መዘርዘርም የቈየ ልማድ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘውና አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ያጻፉት ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። ዝርዝሩ ወንጌል ውስጥ መጻፉ በአጋጣሚ አይደለም። ወንጌል ከቤተ መቅደስ የማይለይና ሁሉ የሚፈራው መጽሐፍ ስለ ሆነ የርስቱ፣ የንብረቱ፣ የስጦታውም ማስረጃ በእርሱ ላይ ይሰፍር ነበር።

መጻሕፍቱ ከአገር ሲወጡ መግለጫውም በባዕድ ቋንቋ መጻፍ ጀመረ። በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም አንቶኒዮ ፓኒዚ እ.ኤ.አ. በ1841 ዘጠና አንድ የካታሎግ ደንቦችን ባወጣ በስድስተኛው ዓመት ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን የዚያኑ ሙዚየም የግዕዝ ብራናዎች መዘርዝር በላቲን አሳተመ፤ በሚከተለው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1848 ደግሞ ጀምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ይዟቸው የሄዱት የሚገኙበትን የኦክስፎርዱን ስብስብ ዘረዘረ። አንትዋን ዳባዲ የራሱን ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1859 በፈረንሳይኛ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተዘርፈው ለንደን የገቡት ሦስት መቶ ኀምሳ ያህል ብራናዎች ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው የእንግሊዝኛ ካታሎግ ውስጥ ተካተቱ። በዚያው ዓመት ዞተንበርግ የፓሪሱን አወጣ። ከዚህም የተነሣ በግዕዝ የተጻፈ፣ በግዕዝ የሚነበብና በግዕዝ ስሙ የሚጠራ መጽሐፍ መታወቂያው ላቲን፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ሆነ። ስለ መጻሕፍቱ ለማወቅ የፈለገ የአገራችን ሊቅ ግዕዙን ጠንቅቆ ቢያውቅም እንኳ በመግለጫው ደጃፍ ላይ ይቀር ነበር። የኅሩይ «ቍጥር» ዋጋው የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው፤ መግለጫው ከመጽሐፉ ባለቤቶች ቋንቋ ጋር እንደገና ተገናኘበት።

ይሁን እንጂ የእነዚያን ሰዎች ድካም ማቃለል አይገባም፤ በተለይ ለእኛ ለቃላት ሠራተኞች። ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተመው ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የተገነባው በካታሎጎቹ ሥራ ላይ ነው። ብራናዎቹን አንድ በአንድ ገልጦ የትኛው ድርሰት በየትኛው ኮዴክስ እንደሚገኝ አስቀድሞ ባይመዘግብ ኖሮ ለየቃሉ ያን ያህል ምስክር ከነስፍራው ሊጠቅስ ባልቻለም ነበር። አንድ ቃል በዚህ ፍች መቼ ገባ፣ በየትኛው አገር ተነገረ፣ ከትርጕም ወይስ ከድርሰት መጣ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚመለሱት ጥቅሱ የተገኘበት መጽሐፍ ዘመንና ስፍራ ሲታወቅ ብቻ ነው። ዘመን የሌለው ጥቅስ ፍች ይመሰክር እንደ ሆነ እንጂ ታሪክ አይመሰክርም።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ለአማርኛ ታሪክ ነው። አማርኛ በመጽሐፍ ደረጃ መጻፍ ከመልመዱ በፊት ለረጅም ዘመን የሰፈረው በግዕዝ መጻሕፍት ትርፍ ገጾች ላይ ነበር። የጕልት ድልድል፣ የውርስ ስምምነት፣ የሽያጭ ውል፣ የዕቃ ዝርዝር፣ አንዳንድ ጊዜም የመድኃኒት ቅመማ ባዶ በተገኘ ቅጠል ላይ በአማርኛ ወይም ግዕዝና አማርኛ በተቀላቀለበት ቋንቋ ይጻፋል። ለጥንት ነገሥታት የተገጠሙትና ከአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚዎች ከሚባሉት መካከል የሆኑት መዝሙሮች፣ ኢግናሲዮ ጉዊዲ እ.ኤ.አ. በ1889 ያሳተማቸው፣ ከኦክስፎርድ ብራና የተገኙ ናቸው። እንግዲህ አንድ መዝጋቢ «ወንጌል፤ በግዕዝ፤ በብራና» ብሎ ቢያልፍ የጻፈው አንዳች ሐሰት የለበትም፤ በመዳረሻ ቅጠሎቹ ላይ ያለው አማርኛ ግን ለፈላጊው ከሌለ አይለይም። የአማርኛን የመሬት፣ የዳኝነትና የንግድ ቃላት ታሪክ የሚያጠና ሰው «ቋንቋ፤ አማርኛ» ብሎ በሺሕ የሚቈጠሩ መዝገቦችን ቢመረምር ያ ወንጌል አይወጣለትም። ስለዚህ በመግለጫ ላይ «ቋንቋ» የሚለው ስፍራ አንድ መልስ ብቻ የሚቀበል ሆኖ መሠራት የለበትም፤ የዋናው ጽሑፍ ቋንቋና የተጨማሪዎቹ ቋንቋ እየተለዩ መመዝገብ አለባቸው።

ይህን በሚገባ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በሚኔሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው፣ ዛሬ የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት በሚባለው ተቋም እንዲሁም በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተጀምሮ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሡ። ካታሎጉ ከ1975 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. በዐሥር ቅጾች ታተመ፤ አዘጋጆቹ ዊልያም ማኮምበርና እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በዚያ የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ከዚህ ካታሎግ አንዱን ገጽ የገለጠ ሰው የሚያየው የድርሰቱን ስም ብቻ አይደለም። በስንተኛው ቅጠል ምን ዓይነት ማስታወሻ እንደ ተጻፈ፣ የማን ስም እንደሚነሣ፣ የትኛው ሥዕል የት እንዳለ ተራ በተራ ተዘርዝሯል። ጌታቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉና በዘመናዊው የቋንቋ ጥናት የሠለጠኑ ሰው ስለ ነበሩ ለውጭው ሊቅ ተራ ጭረት የሚመስለው ማስታወሻ ለእርሳቸው የታሪክ ምንጭ ነበር። ከብዙዎቹ የታተሙ ጥናቶቻቸው በስተጀርባም ይህ የዕለት ተዕለት የመዝጋቢነት ሥራ ይታያል።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ እውነት መነገር አለበት። ዐሥሩ ቅጾች የሚደርሱት እስከ ቍጥር 5,000 ድረስ ነው። የቀሩት፣ ከ4,000 የሚበልጡት፣ ፎቶግራፋቸው በፊልም ላይ እያለ የታተመ ካታሎግ ሳይኖራቸው ብዙ ዓመታት ቈይተዋል። የፊልም ማንሻ መሣሪያ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ብራና አንብቦ ለመግለጽ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። ለፎቶግራፍ ገንዘብ የሚሰጥ ይገኛል፤ ለመግለጫ የሚሰጥ ግን ያንሳል። ዛሬ በዲጂታል ካሜራ ሲሆን ይህ ልዩነት ሰፋ እንጂ አልጠበበም። የማንሻው ፍጥነት በብዙ እጥፍ ሲጨምር የአንባቢው ዓይን ያው ነውና።

ወደ ማሽኑ ዘመን ስንመጣ የመግለጫ ሥርዐት ራሱ በሁለት ደረጃ ተለውጧል። በመጀመሪያ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሄንሪየት አቭራም መሪነት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «ማርክ» የተባለው፣ የካርዱን መዝገብ ኮምፒዩተር እንዲያነበው የሚያደርግ ሥርዐት ተዘጋጀ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1995 በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው በደብሊን ከተማ (የአየርላንዷ አይደለችም) በተደረገ ስብሰባ የተጀመረው፣ ኋላ ዐሥራ አምስት ክፍሎች ያሉት ቀላል የመግለጫ ቅጽ «ደብሊን ኮር» ተብሎ ተስፋፋ። ርእስ፣ አዘጋጅ፣ ዘመን፣ ቋንቋ፣ ርእሰ ጉዳይና የመሳሰሉት ክፍሎች በውስጡ አሉ። ቅጹ ቀላል መሆኑ ለመስፋፋቱ ምክንያት ሆኗል። ለእኛ ግን ችግሩ ያለው በክፍሎቹ ስም ሳይሆን በውስጣቸው በሚሞላው ነገር ነው።

አንደኛው ፊደል ነው። ሰው «ሠ»ንና «ሰ»ን፣ «ሐ»ን፣ «ኀ»ንና «ሀ»ን በአንድ ድምፅ እያነበበ ያልፋል። ኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱን ፊደል በተለየ ቍጥር ያውቀዋል። የኅሩይ ወልደ ሥላሴን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ኅ፣ ሕ ወይም ህ ሊሆን ይችላል። «ሥላሴ» በሥ ወይም በስ፣ በሴ ወይም በሤ ስለሚጻፍ አራት መልክ አለው። «ወልደ ሥላሴ» ደግሞ ተለያይቶ ወይም ተጋጥሞ ይጻፋል። ሦስት በአራት፣ ያም በሁለት ሲባዛ ሃያ አራት አጻጻፍ ይወጣል። ፈላጊው ከሃያ አራቱ አንዱን ቢጽፍ በሃያ ሦስቱ የተመዘገበውን ሁሉ ላያገኝ ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። ያን ጊዜ የፊደል ሠሪው ሁሉ በገዛ ራሱ ኮድ ስለሚሠራ በአንዱ የተጻፈው መዝገብ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር።

ስለ ሞክሼ ፊደላት የተደረገው ክርክር ለዚህ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ ፊደል ይቀነስ የሚሉ ይህን ችግር እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ሊያቀርቡት ይችላሉ። በእኛ አስተያየት ግን መግለጫ ክርክሩን መፍረድ አያስፈልገውም። ርእሱ በመጽሐፉ ላይ እንደ ተጻፈ፣ ፊደሉ ሳይነካ ይገለበጣል፤ ይህ ለፊሎሎጂ ምስክር ነው። ከሥሩ ደግሞ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ የተመለሱበት የመፈለጊያ መልክ ይቀመጣል። ይህ ለፈላጊው ብቻ የሚያገለግል ስለ ሆነ ማንም አያነበውም። ሁለቱን በአንድ መስመር ለማስታረቅ የሚሞክር መዝጋቢ ግን ሁለቱንም ያበላሻል።

ሁለተኛው የሰው ስም ነው። የአባትን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም አስቀድሞ መመዝገብ ለእኛ ስም አይሆንም። ይባስ ብሎ «ወልደ ሥላሴ»ን ከሁለት ቆርጦ «ሥላሴ» በሚለው ሥር ደራሲውን ማስገባት ሰውየውን ከአባቱ ብቻ ሳይሆን ከስም ሕግም ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 በፓሪስ የተደረገው ዓለም አቀፍ የካታሎግ መርሖች ጉባኤ የደራሲው ስም በየትኛው ቃል እንደሚጀመር የሚወሰነው በተቻለ መጠን ደራሲው ዜጋ በሆነበት አገር ልማድ መሠረት ይሁን ብሎ ነበር። ደንቡ እያለ በውጭ አገር በታተሙ ጽሑፎች የተገለበጡ የኢትዮጵያውያን ስሞች ዛሬም ይታያሉ። አንዱ ደራሲ ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ ይቈጠራል። በራሳችን ልማድም ቢሆን አንድ ሊቅ ሁለት ስም አለው፤ እዚህ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የሚባሉት በአውሮፓ ካታሎጎች ብዙ ጊዜ ዘሰግላ ተብለው ይገኛሉ። በትውፊት ለእርሳቸው የሚሰጠው «አርጋኖን» ደግሞ «አርጋኖነ ማርያም»፣ «አርጋኖነ ድንግል»፣ «አርጋኖነ ውዳሴ» እየተባለ በየመዝገቡ ተበትኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሐምቡርግ የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ የብራናዎች መዝገብ ለእያንዳንዱ ድርሰት አንድ ቋሚ ቍጥር የሚሰጠው ለዚህ ነው። ስሙ ቢለዋወጥም ቍጥሩ አይለወጥም። «ቍጥር» በዚህ በኩል ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመለሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው ዘመን ነው። ጥንታዊው ጸሐፊ ዓመተ ዓለም፣ ዓመተ ምሕረት ወይም ዓመተ ሰማዕታት እያለ ይጽፋል፤ ዓመቱንም አንዳንድ ጊዜ ከ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ይቈጥራል። የቅርቡም ቢሆን አያስተማምንም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። አንዱ መዝገብ 1958፣ ሌላው 1966 ብሎ ቢጽፍና ሁለቱም አቈጣጠሩን ባይናገሩ፣ የአንዱ እትም ቅጂዎች ሁለት እትም መስለው ይታያሉ፤ የቃላት ታሪክ ጸሐፊም ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ስለ ርእሰ ጉዳይ አጭር ነገር እንጨምር። ጆሴፍ ሃሌቪ የቤተ እስራኤልን ጸሎቶች እ.ኤ.አ. በ1877 ሲያሳትም በርእሱ ላይ «ፈላሻ» የሚለውን ቃል ተጠቅሟል። ማኅበረ ሰቡ ይህን ስም አይቀበለውም። በእስራኤል ሆኖ የአያቶቹን ጸሎት የሚፈልግ ወጣት «ቤተ እስራኤል» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የመጽሐፉን ርእስ መለወጥ አይቻልም፤ ርእሰ ጉዳዩ ግን ባለቤቶቹ በሚጠሩበት ስም ይሰየማል፤ የቀድሞው ስምም ወደ አዲሱ የሚመራ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አይፋቅም።

አሁን ወደ ስያሜው። ለሜታዳታ «ዲበ ውሂብ» የሚል ቃል በኮምፒዩተር ትርጕሞች ውስጥ ይሠራበታል። «ዲበ» ማለት በላይ ስለ ሆነ «ዲበ አካል» ለሜታፊዚክስ የተሰየመበትን ፈለግ ይከተላል። «ዳታ» በላቲን የተሰጡ ነገሮች ማለት ነውና ከ«ወሀበ» መነሣቱም ሥሩን አግኝቷል። ሆኖም በግዕዝ ሰዋስው «ውሂብ» ንኡስ አንቀጽ፣ ማለትም መስጠት ነው፤ የተሰጠ ለማለት «ውሁብ» ይቀርባል። ቃሉ ከተለመደ በኋላ ይህን ማንሣት ክስ አይደለም፤ መዝገበ ቃላት ግን ሊያስታውሰው ይገባል። ለቤተ መጻሕፍት ሥራ እኛ የምንመርጠው «መግለጫ» የሚለውን ነው፤ ሠራተኛው ምን ማድረግ እንዳለበት ቃሉ ራሱ ይነግረዋልና። የተለያዩ የስም አጻጻፎችን ወደ አንድ የሚያጸናውን መዝገብ ግን አንዳንዶች ቃል በቃል «የሥልጣን መዝገብ» ይሉታል። ይህ ስለ ሹመት የሚናገር ስለሚመስል «የስም ማጽኛ» ቢባል ይሻላል።

በዚህ መሠረት የኅሩይን መጽሐፍ ራሱን ብንመዘግበው እንዲህ ይሆናል። ርእሱ በታተመበት ፊደል ይገለበጣል፤ «ቍጥር» በቍ እንዳለ ይቀመጣል፤ በመፈለጊያው መልክ «ቁጥር» ይታከላል። አዘጋጅ፤ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ በመጀመሪያ ስማቸው፤ ሃያ አራቱ አጻጻፎች በስም ማጽኛው ወደዚህ ይመራሉ። ማዕርግ፤ ብላቴን ጌታ፣ ከስሙ ተለይቶ። ዘመን፤ 1920 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. 1927/28። ቋንቋ፤ አማርኛ። ርእሰ ጉዳይ፤ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት መግለጫ። ዝምድና፤ በ1904 ዓ.ም. የታተመው የቀድሞ ዝርዝር። ማስታወሻ፤ በቅጂው ላይ የባለቤት ስም ተጽፎ ወይም ተፍቆ ከተገኘ ከነገጹ ይመዝገብ።